የኒውክሌር ጦርነት ቢነሳ አዳማ ምን ትበላለች?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የኒውክሌር ጦር መሣሪያ ነገር በተነሳ ቁጥር እዚህ አዳማ የሚሰማው መልስ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «ያ ከመጣማ ምድር ለሁለት ትሰነጠቃለች፤ የሚተርፍ የለም» ይላል። ሌላው «ጠቡ የእነሱ ነው፤ እኛ ላይ ቦምብ የሚያባክን የለም» ብሎ ይተወዋል። ሁለቱም ስህተት ናቸው፤ ሁለቱም ሰውን እጁን አጣጥፎ እንዲቀመጥ ያደርጋሉ። ፊዚክስና የሰብል ሳይንስ የምናስተምር ሰዎች ነንና ጉዳዩን በቁጥር አስደግፈን ለአንባቢ ማቅረብ ይገባናል ብለን ይህን ደብዳቤ ጻፍን። የምንለው ይህ ነው፦ ቦምቡ እኛ ዘንድ ባይወድቅም ጭሱ ክረምታችንን ሊያሳጣን፣ ጦርነቱ ደግሞ የጅቡቲን መስመር ሊዘጋብን ይችላል። የአገራችን የእህል መጠባበቂያ አሠራር ሲታሰብ ይህ በሂሳቡ ውስጥ አልነበረም። አሁን መግባት አለበት።

መጀመሪያ ምድር ትሰነጠቃለች የሚለውን እናንሳ። የስቶክሆልም ዓለም አቀፍ የሰላም ምርምር ተቋም (ሲፕሪ) ለጃንዋሪ 2025 እ.ኤ.አ. ባስቀመጠው ግምት ዘጠኝ አገሮች በጠቅላላው 12,241 የኒውክሌር ቦምቦች አሏቸው። ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ የአሜሪካና የሩሲያ ናቸው። 2,100 ያህሉ ሚሳይል ላይ ተገጥመው ትእዛዝ ብቻ የሚጠብቁ ናቸው። የሁሉም ጉልበት ተደምሮ ጥቂት ሺህ ሜጋቶን ይሆናል፤ አንድ ሜጋቶን ማለት የአንድ ሚሊዮን ቶን ቲኤንቲ ፈንጂ ጉልበት ነው። ፀሐይ በየሰከንዱ ወደ ምድር የምትልከው ጉልበት በዚሁ መለኪያ ሲሰላ 41 ሜጋቶን ገደማ ነው። እንግዲህ በዓለም ያለው ቦምብ አንድ ሳይቀር ቢፈነዳ የሚወጣው ጉልበት ፀሐይ ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ከምትሰጠን አይበልጥም። ይህ ምድርን አይሰነጥቅም። አስፈሪው ነገር ቦምቦቹ የሚያስነሱት ቃጠሎ ያችኑ ፀሐይ ለዓመታት ሊጋርድ መቻሉ ነው።

እንዴት እንደሚሆን ለማየት ከሂሮሺማ መጀመር ይሻላል፤ በሰው ከተማ ላይ የሆነውን የምናውቀው ከዚያና ከናጋሳኪ ነውና። ሐምሌ 30 ቀን 1937 ዓ.ም. (ኦገስት 6 ቀን 1945 እ.ኤ.አ.) ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ የፈነዳው ቦምብ ውስጥ 64 ኪሎ ግራም ገደማ ዩራኒየም ነበር። ከዚህ የተሰነጠቀው አንድ ኪሎ እንኳ አይሞላም፤ ወደ ጉልበት የተለወጠው ክብደት ደግሞ ከአንድ ግራም በታች ነው። የወጣው ጉልበት 15 ኪሎቶን ነበር። ከዚህ ጉልበት ግማሽ ያህሉ የፍንዳታ ሞገድ ሆኖ ቤት ያፈርሳል፤ ሲሶ ያህሉ ብርሃንና ሙቀት ሆኖ ያቃጥላል፤ ቀሪው ጨረር ነው። ቦምቡ የፈነዳው ከመሬት 600 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ስለነበር የእሳት ኳሱ አፈር አልነካም። በዚህም የተነሳ በአካባቢው የዘነበው የተመረዘ አቧራ መሬት ላይ ቢፈነዳ ሊዘንብ ከሚችለው በጣም ያነሰ ነበር። ከተማዋን የጨረሰው እሳቱ ነው። የፈረሰው የእንጨት ቤት፣ የምግብ ማብሰያው ፍም፣ የተበጠሰው የኤሌክትሪክ ሽቦ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተያያዘ። በ20 ደቂቃ ገደማ ውስጥ የተለያዩት ቃጠሎዎች ገጥመው አንድ ሆኑ፤ ሞቃቱ አየር ወደ ላይ ሲተኮስ ከዙሪያው ነፋስ እየሳበ ራሱን የሚያራግብ የእሳት ወጀብ ተፈጠረ። 11 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ተቃጠለ። እስከዚያው ዓመት መጨረሻ የሞተው ሰው 140 ሺህ ገደማ ይገመታል። ከቃጠሎው በኋላ በከተማዋ ላይ ወፍራም፣ የሚያጣብቅ ጥቁር ዝናብ ዘነበ። ያ ጥቁር ነገር የተቃጠለችው ከተማ ጥላሸት ነበር፤ ከፊሉ እርጥበት አግኝቶ ወረደ፣ ከፊሉ ግን ወደ ላይ ሄደ። የዚህ ደብዳቤ ጉዳይ ወደ ላይ የሄደው ነው።

ዛሬ ሚሳይል ላይ ያሉት ቦምቦች አብዛኞቹ ከሂሮሺማው የሚበልጡ ናቸው፤ 100 ኪሎቶን የተለመደ መጠን ነው። ቦምብ ሲተልቅ ሁሉም ጉዳት እኩል አያድግም። ጉልበቱ ስምንት እጥፍ ሲሆን የፍንዳታ ሞገዱ የሚያፈርስበት ርቀት ሁለት እጥፍ ብቻ ያድጋል። ሙቀቱ ግን ጥርት ባለ አየር ውስጥ በአራት እጥፍ ጉልበት ወደ ሁለት እጥፍ ርቀት ይጠጋል። በቁጥር፦ 15 ኪሎቶን ተራ ቤት የሚያፈርሰው እስከ 1.7 ኪሎ ሜትር፣ የሰውን ቆዳ ዘልቆ የሚያቃጥለው እስከ 1.9 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ100 ኪሎቶን የማፍረሱ ርቀት ወደ 3.2፣ የማቃጠሉ ርቀት ወደ 4.4 ኪሎ ሜትር ይዘልቃል። ትልቁ ቦምብ እንግዲህ ከማፍረሱ ይልቅ ማቀጣጠሉ ይበልጣል፤ የሚቃጠለው ስፋት ደግሞ በርቀቱ ስኩዌር ያድጋል። የዘመኑ ከተማ ሲቃጠል እንጨት ብቻ አይደለም የሚነደው። ፕላስቲክ፣ ጎማ፣ አስፋልት፣ የነዳጅ ማከማቻ፣ ቀለም አለ። እነዚህ ከእንጨት የበለጠ ጥቁር ጭስ ይሰጣሉ።

ተራ የእሳት ጭስ ዝናብ ያጥበዋል፤ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ይወርዳል። ደመናና ዝናብ ያለበት የአየር ክፍል እኛ ባለንበት የሐሩር ቀበቶ እስከ 16 ወይም 17 ኪሎ ሜትር፣ ወደ ዋልታዎቹ አካባቢ እስከ ስምንትና ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ከፍታ አለው። ከዚያ በላይ ስትራቶስፌር የሚባለው ደረቅ አየር ነው፤ እዚያ ዝናብ የለም። እዚያ የደረሰ ጥላሸት የሚያወርደው ነገር ስለሌለ ከአምስት ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። እሳቱ ራሱ እዚያ ድረስ ባያደርሰው እንኳ ጥላሸቱ በራሱ መውጣት ይችላል፦ ጥቁር ስለሆነ የፀሐይ ብርሃን ይመጥጣል፣ ይሞቃል፣ በዙሪያው ያለውን አየር ያሞቃል፣ የሞቀው አየር ይዞት ይነሳል። ይህ በዓይን የታየ ነገር ነው። በኦገስት 2017 እ.ኤ.አ. በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ የተነሳው የደን ቃጠሎ ጭሱን ወደ 12 ኪሎ ሜትር አደረሰው፤ በሁለት ወር ውስጥ ጭሱ በራሱ ሙቀት 23 ኪሎ ሜትር ደረሰ፤ ለስምንት ወር ያህልም በሳተላይት ታየ።

ተቃራኒ ማስረጃም አለ፤ መደበቅ አያስፈልግም። በ1991 እ.ኤ.አ. ኩዌት ውስጥ ከ600 በላይ የነዳጅ ጉድጓዶች ለወራት ሲነዱ የዓለም አየር ይቀዘቅዛል ብለው ያስጠነቀቁ ሳይንቲስቶች ነበሩ። አልቀዘቀዘም። እሳቶቹ ተራርቀው የቆሙ ነጠላ እሳቶች ስለነበሩ አንድ ላይ ገጥመው ጭሱን ወደ ላይ የሚተኩስ ወጀብ አልፈጠሩም፤ ጭሱ ዝቅ ብሎ ቆይቶ ታጥቦ ወረደ። በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአሜሪካ የሎስ አላሞስ ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች የሕንድና የፓኪስታንን ጦርነት በኮምፒውተር አስልተው አብዛኛው ጥላሸት ስትራቶስፌር አይደርስም ብለዋል። ጥላሸቱ ይወጣል የሚሉት ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ የተቃጠለውን ነገር መጠን አሳንሳችሁ ነው ብለው መለሱላቸው። ክርክሩ ያለው ስንት ጥላሸት ይወጣል በሚለው ላይ ነው። ከወጣ በኋላ ምን ያደርጋል በሚለው ላይ የሁለቱ ወገን ልዩነት ጠባብ ነው። በእኛ አስተያየት መጠኑ አከራካሪ በመሆኑ ብቻ ጉዳዩን መተው፣ ዝናቡ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚሆን አልተስማማንም ብሎ ጎርፍ መውረጃ አለመቆፈር ነው።

አሁን መጠኑን በምናውቀው መለኪያ እናስቀምጠው። ሕንድና ፓኪስታን የሂሮሺማን ያህል ጉልበት ያላቸው 100 ቦምቦች ከተሞች ላይ ቢጥሉ ወደ ላይ ይወጣል ተብሎ የሚገመተው ጥላሸት አምስት ሚሊዮን ቶን ነው። ይህ 50 ሚሊዮን ኩንታል ነው፤ 400 ኩንታል በሚጭን ባለ ተሳቢ መኪና 125 ሺህ ጭነት ይሆናል። ብዙ ይመስላል፣ በምድር ዙሪያ ሲዘረጋ ግን አንድ ግራም በ100 ካሬ ሜትር ላይ ማለት ነው። ይህቺ ስስ ሽፋን የዓለምን አማካይ ሙቀት ከአንድ እስከ ሁለት ዲግሪ ትቀንሳለች። የአሜሪካና የሩሲያ ሙሉ ጦርነት ሲሆን ደግሞ ስሌቱ 150 ሚሊዮን ቶን ይደርሳል፤ የሙቀቱ ቅናሽ በዓለም አማካይ 9 ዲግሪ ገደማ ነው፣ በዩክሬንና በአሜሪካ የስንዴ አገሮች ከዚያም በጣም ይከፋል። በኦገስት 2022 እ.ኤ.አ. የታተመ የአየር ንብረትና የሰብል ጥናት የመጀመሪያው፣ ማለትም ትንሹ ጦርነት፣ የዓለምን የሰብል ምርት 7 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ ይህም የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ከ1961 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከመዘገበው የትኛውም የምርት መቀነስ ይበልጣል። በትልቁ ጦርነት ከአምስት ቢሊዮን ሰው በላይ በረሃብ ሊሞት እንደሚችል ያው ጥናት ገምቷል። በቦምቡ ከሚሞተው በረሃብ የሚሞተው በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ የሚበዛውም ቦምብ ባልወደቀበት አገር ነው።

እኛ ዘንድ ቅዝቃዜው ከሰሜኑ ያነሰ ይሆናል፤ ባሕርና የሐሩር ቀበቶ ይረዱናል። ያነሰ ማለት ግን ቀላል ማለት አይደለም። አገራችን ውስጥ 100 ሜትር ሽቅብ በወጣን ቁጥር ሙቀቱ ወደ 0.6 ዲግሪ እንደሚቀንስ ደጋና ቆላ የሚመላለስ ሁሉ ያውቀዋል። አምስት ዲግሪ ቀነሰ ማለት እንግዲህ ማሳውን ባለበት ትቶ 800 ሜትር ያህል ከፍ ማድረግ ነው። 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው አዳማ 2,500 ሜትር ላይ እንዳለ ቀበሌ ትሆናለች፤ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው አሰላ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ትወጣለች፤ እዚያ ገብስ እንጂ ስንዴ ደህና አይሆንም። በዙሪያችን ያለው ማሽላ ሌሊቱ ከ13 ዲግሪ በታች በተከታታይ ሲወርድበት ዛላው ያምራል፣ የአበባው ዱቄት ግን መክኖ ፍሬ አይቋጥርም። በቆሎው ለመድረስ ተጨማሪ ሳምንታት ይፈልጋል፤ ዝናቡ አይጠብቀውም።

ስንዴ ላይ ውርጭ የሚሠራውን ለማያውቅ አንባቢ እናሳይ። የአርሲ ገበሬ የሚፈራው ጥቅምትና ኅዳር ላይ ሰማዩ ጥርት ሲል፣ ዘግይቶ የተዘራ ስንዴ አበባ ላይ ሲደርስ ነው። ከንጋቱ አሥር ሰዓት እስከ ፀሐይ መውጫ ድረስ ማሳው ላይ ያለው አየር ከዜሮ አንድ ወይም ሁለት ዲግሪ በታች ቢወርድ በቂ ነው። በማግስቱ ማሳው አረንጓዴ ነው፣ ምንም የሆነ አይመስልም። ሳምንት ሳይሞላ ዛላው ይነጣል። ዛላውን በጣት ሲጨምቁት ገለባ ብቻ ነው፤ ውስጡ ፍሬ የለም። ቅጠሉም አገዳውም ደህና ሆኖ ሳለ ምርት የለም። የዓለም አማካይ በሁለት ዲግሪ ብቻ ቢቀንስ እንኳ ውርጭ የሚጥልባቸው ሌሊቶች ይበዛሉ፣ ቀድመውም ይመጣሉ።

ከሙቀቱ ይልቅ እኛን የሚያሳስበን ዝናቡ ነው። ክረምት የሚመጣው ሰኔና ሐምሌ ላይ ከእኛ በስተሰሜን ያለው የሰሃራ፣ የዓረብና የሕንድ ምድር ስለሚግል ነው። የጋለው ምድር አየሩን ወደ ላይ ይለቃል፣ በምትኩ እርጥብ አየር ከባሕሩ ወደ መሬቱ ይሳባል፣ የዝናብ ቀበቶውም ተከትሎ ወደ ሰሜን ይወጣል። ጥላሸት የሰሜኑን ምድር ሲጋርድ መሬቱ ከባሕር ቀድሞ ይቀዘቅዛል። ጉተታው ይደክማል፤ ቀበቶው ወደ ደቡብ ያፈገፍጋል። ይህ በታሪክ የታየ ነው። በ1783 እ.ኤ.አ. አይስላንድ ውስጥ ላኪ የሚባለው እሳተ ገሞራ ለስምንት ወር ያህል ጭስና ድኝ ሲተፋ የሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ቀዘቀዘ፣ የአፍሪካ ዝናብም ደከመ። የአባይ ሙላት በዚያ ዓመትና በተከታዩ ዓመት ወደቀ፣ ግብፅ ውስጥ ከባድ ረሃብ ገባ። ግብፅ የሚደርሰው የክረምት ጎርፍ የእኛ ደጋ ዝናብ ነውና፣ አባይ ጎደለ ማለት የእኛ ክረምት ጎደለ ማለት ነው። ያ ሁሉ የሆነው ከእኛ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ በነደደ አንድ ተራራ ነው። «ሩቅ ነው» ለሚሉን ወገኖቻችን የምንሰጠው መልስ ይኸው ነው። ክረምቱ ሲጎድል የቆቃ ግድብ አይሞላም፤ መብራቱም፣ የወንጂ ሸንኮራ መስኖም ከአዋሽ ውሃ ጋር አብሮ ይወርዳል።

የጨረሩን ነገር ሰው አብዝቶ ስለሚፈራው ባጭሩ እናስቀምጠው። ከባዱ የተመረዘ አቧራ የሚወርደው ቦምብ መሬት ላይ ሲፈነዳ ነው፤ አብዛኛው በአንድ ቀን ውስጥ በነፋሱ አቅጣጫ በመቶዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያልቃል። በማርች 1 ቀን 1954 እ.ኤ.አ. አሜሪካ በፓሲፊክ ውቅያኖስ ባለችው ቢኪኒ ደሴት ላይ ስድስት ሜጋቶን ገደማ ጠብቃ የሞከረችው ቦምብ 15 ሜጋቶን ወጣው፤ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በምትገኘው ሮንጌላፕ ደሴት ላይ ከሰዓታት በኋላ ነጭ ዱቄት ዘነበ። ልጆች ተጫወቱበት፤ በቀናት ውስጥ ቆዳቸው ተቃጠለ፣ ፀጉራቸው ረገፈ። የዚህ አቧራ ጨረር በፍጥነት ይደክማል፦ ጊዜው ሰባት እጥፍ ሲሆን ጨረሩ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። ከፍንዳታው አንድ ሰዓት በኋላ የነበረው በሰባት ሰዓት አንድ አሥረኛ፣ በሁለት ቀን አንድ መቶኛ፣ በሁለት ሳምንት አንድ ሺህኛ ይሆናል። ለአዳማ ቅርብ የሆነችው ቦምብ ያላት አገር እንኳ 2,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ነው ያለችው፤ ስለዚህ ከቤት የሚያስቀር መጠን እኛ ዘንድ ይደርሳል ብለን አንገምትም። ሊደርስ የሚችለው በሣር አድርጎ ወደ ላም ወተት የሚገባው አዮዲን 131 የተባለ ጨረር አመንጪ ነገር ነው፤ በየስምንት ቀኑ በግማሽ ይቀንሳል፣ በሦስት ወር ውስጥ ያልቃል። ለእነዚያ ወራት ሕፃናትን ቀድሞ በተዘጋጀ የዱቄት ወተት ማቆየት ይበቃል። ከዚህ የበለጠ የሚያስፈራው ጭሱ ሲሳሳ የሚመጣው ነው፤ የሞቀው ስትራቶስፌር ጎጂውን የፀሐይ ጨረር የሚያስቀርልንን የኦዞን ጋዝ ሽፋን ስለሚበላው የፀሐይ የሚያቃጥል ጨረር በሰውም በሰብልም ላይ ለዓመታት ይበረታል።

ወደ ጅቡቲ መስመር እንምጣ። ከውጭ ከምናስገባው ዕቃ ከ90 በመቶ በላይ የሚመጣው በዚያ ነው፤ ከባዱ መኪናም ባቡሩም በእኛ ከተማ አጠገብ አልፎ ሞጆ ደረቅ ወደብ ይደርሳል። አንዳንዱ ሰው «ስንዴ መግዛት አቁመናል፣ ምን ቸገረን» ይላል። ስንዴው የቆመው በምን ላይ እንደሆነ ይታይ። በሄክታር አንድ ኩንታል ኤንፒኤስና ቢያንስ አንድ ኩንታል ዩሪያ ማዳበሪያ ይፈልጋል። አንድ ኩንታል ዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለ፤ የተሻሻለ የስንዴ ዘር ከእያንዳንዱ ኪሎ ናይትሮጅን ከ10 እስከ 20 ኪሎ ተጨማሪ እህል ይሰጣል። ዩሪያው ሲቀር በየሄክታሩ ከአምስት እስከ ዘጠኝ ኩንታል ቀረ ማለት ነው። የሰው ሠራሽ ማዳበሪያችን በሙሉ ከውጭ የሚመጣ ነው፤ ዩሪያው በአብዛኛው የሚሠራውም ከተፈጥሮ ጋዝ ነው። በቆላው በመስኖ የሚዘራው ስንዴ በፓምፕ ነው የሚጠጣው፤ አርሲ ላይ የሚያጭደው ኮምባይነር ነው። ሁለቱም ናፍጣ ይጠጣሉ፤ ናፍጣውም በዚያው መስመር ነው የሚመጣው።

በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኖ የተነሳ ዝናብ ሲቀር 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ የዕለት ደራሽ እርዳታ ፈልጎ ነበር። ያኔ የነበረው ችግር መርከቡ በዝቶ ጅቡቲ ላይ ወረፋ መጠበቁ ነበር፤ ስንዴው በዓለም ገበያ ነበረ። ከኒውክሌር ጦርነት በኋላ የሚመጣው ድርቅ ከዚህ የሚለየው እህል ሻጭ ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚጎዳ ነው። ሻጭ ሲፈራ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ አይተናል፦ በ2010 እ.ኤ.አ. ሩሲያ በድርቅ፣ በሜይ 2022 እ.ኤ.አ. ሕንድ በሙቀት የተነሳ ስንዴ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከለከሉ። ያ የሆነው የዓለም ምርት ቢበዛ በጥቂት በመቶ በተነካበት ዓመት ነው። ብር ይዞ ገበያ መሄድ የሚጠቅመው የሚሸጥ ሲኖር ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሂሳቡን እንሥራ። አንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል የእርዳታ ራሽን መለኪያ ነው። 500 ሺህ ሰው ላለው ከተማ በወር 75 ሺህ ኩንታል፣ በዓመት 900 ሺህ ኩንታል ይሆናል። አንድ ትልቅ መጋዘን 50 ሺህ ኩንታል ይይዛል ብንል 18 መጋዘን ነው። ለ120 ሚሊዮን ሕዝብ ደግሞ በወር 18 ሚሊዮን ኩንታል ይፈለጋል። የአገራችን የአደጋ ጊዜ እህል መጠባበቂያ ለረጅም ጊዜ የታቀደለት መጠን 407 ሺህ ቶን ገደማ፣ ማለትም ወደ አራት ሚሊዮን ኩንታል ነበር። ይህ ለመላው ሕዝብ ሲካፈል ለሳምንት ያህል ነው። ለማማት አይደለም፤ የታሰበው አንድ አካባቢ ሲደርቅ ከሌላው እስኪመጣ ለማቆያ ነው፤ ለዚያ ሥራውን ሠርቷል። መላው ዓለም በአንድ ክረምት ለሚደርቅበት ጊዜ ግን ሌላ ስሌት ያስፈልጋል። የመጀመሪያ ግብ አድርገን የምናቀርበው የስድስት ወር እህል ነው፤ ከአንድ መኸር እስከ ቀጣዩ በልግ ድረስ ያሻግራል።

አቀማመጡ ላይ ብዙ እህል የሚባክነው በማናውቀው ነገር አይደለም። ዱቄት ሳይሆን እህል ነው የሚቀመጠው፤ ዱቄት በወራት ይበላሻል። ስንዴና በቆሎ ወደ መጋዘን ሲገቡ እርጥበታቸው ከ13 በመቶ በታች መሆን አለበት፤ በጥርስ ሲነከስ «ቀጭ» የማይል እህል ገና ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ይሞቃል፣ ይሻግታል፣ በቆሎ ደግሞ መርዛማ ሻጋታ ያወጣል። ጆንያው በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳው ሜትር ያህል ተርቆ ይደረደር፤ ሰው ዙሪያውን ሄዶ ማየት ካልቻለ ነቀዙን የሚያየው ሲያልቅ ነው። በየቤቱ ለሚያስቀምጥ ሰው ሦስት ድርብ የሆነው አየር የማያስገባ ከረጢት ያለ መድኃኒት ነቀዝን ያፍነዋል፤ በየሳምንቱ እየከፈቱ ማየት ግን ጥቅሙን ያጠፋዋል። ጤፍን ነቀዝ አይደፍረውም፤ በደረቅ ጎተራ ለዓመታት ይቀመጣል። ውድ ነው ቢባልም የመጠባበቂያው አንድ ክፍል ጤፍ መሆን አለበት የምንለው ለዚህ ነው። እህሉ ደግሞ ተቆልፎ መቅረት የለበትም፤ በየዓመቱ ሲሶው ለዱቄት ፋብሪካ እየተሸጠ በአዲስ መኸር ይተካ፣ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ። ከተማችን የዱቄት ፋብሪካ ስላላት ይህ ለአዳማ ከሌላው ይቀላል።

ዘር ላይ ደግሞ ዛሬ ቆላ ለሆነው አገር የወይናደጋ፣ ወይናደጋ ለሆነው የደጋ ዘር ተዘጋጅቶ መቀመጥ አለበት። ከከፍታው የሚመጣው ገብስ፣ አጃ፣ ባቄላና ድንች ብርድ ይችላሉ፤ ድንች በሦስትና በአራት ወር ስለሚደርስ አጭር ዝናብም ይበቃዋል። አጠገባችን መልካሳ ለቆላ ሰብል፣ ቁሉምሳ ለስንዴ የምርምር ማዕከላት አሉ። ሁለቱ በአንድ ላይ «የአዳማ ማሳ አምስት ዲግሪ ቢቀዘቅዝና ዝናቡ በሲሶ ቢቀንስ የትኛው ዘር ፍሬ ይሰጣል?» የሚለውን በደጋ ማሳ ላይ መሞከር ይችላሉ፤ ሙከራው ኒውክሌር ባይመጣም የማይጠቅምበት ዓመት የለም። ወደ ሐዋሳ ዙሪያ ያለው እንሰት ደግሞ በመሬት ላይ የቆመ ጎተራ ነው፤ ለመድረስ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ስለሚወስድ ችግር ሲመጣ አይተከልም፤ ዛሬ ነው የሚተከለው።

በዲፕሎማሲው በኩል አፍሪካ ባዶ እጇን አይደለችም። ፈረንሳይ የመጀመሪያ ቦምቧን የሞከረችው በአልጄሪያ ሰሃራ ሬጋን ላይ በፌብሩዋሪ 13 ቀን 1960 እ.ኤ.አ. ነው፤ 70 ኪሎቶን ነበር። ደቡብ አፍሪካ የሠራቻቸውን ስድስት ቦምቦች ራሷ ፈታታ ጥላለች። አህጉሩን ከኒውክሌር መሣሪያ ነፃ የሚያደርገው የፔሊንዳባ ስምምነት ከጁላይ 2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራል፤ አገራችንም አባል ናት። የፉሪ ተራራ የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ ጣቢያችንም የኒውክሌር ሙከራን ለሚከታተለው ዓለም አቀፍ መረብ በረዳትነት ተመዝግቧል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የኒውክሌር ጦርነት በአየር ንብረት፣ በእርሻና በጤና ላይ የሚያደርሰውን የሚያጠና 21 ባለሙያዎች ያሉት ፓነል እንዲቋቋም ወስኗል፤ ሩሲያ፣ ፈረንሳይና ብሪታኒያ ተቃውመው ድምፅ ሰጥተዋል። ሪፖርቱ በ2027 እ.ኤ.አ. ይጠበቃል። በእስካሁኑ ስሌት የአሜሪካ በቆሎና የዩክሬን ስንዴ በዝርዝር ሲታዩ ጤፍና እንሰት በቦታቸው የሉም ቢባል ማጋነን አይሆንም። የእኛ የሜትዮሮሎጂና የግብርና ምርምር ተቋማት የክረምቱን የዝናብ መዝገብና የእነዚህን ሰብሎች የብርድ መቋቋም መረጃ ለፓነሉ ሳይዘገዩ እንዲያቀርቡ እንጠይቃለን።

ለከተማችን አስተዳደር ደግሞ ሦስት ጥያቄ አለን። በከተማዋና በዙሪያዋ ባሉ መጋዘኖችና ዱቄት ፋብሪካዎች ውስጥ በመስከረምና በየካቲት ስንት ኩንታል እህል እንደሚገኝ በዓመት ሁለት ጊዜ ቆጥሮ በነፍስ ወከፍ ቀን አስልቶ ይፋ ያድርግ። መብራት ሲጠፋ በናፍጣ የሚሠሩ ወፍጮዎች የት የት እንዳሉ ይመዝግብ፤ ለእነሱም የሦስት ወር ናፍጣ ይመደብ። ለክረምት ዘር የሚሆን ማዳበሪያ ከአንድ ዓመት ቀድሞ እንዲገባ ለሚመለከተው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ይጠይቅ። ጋዜጣው የመጀመሪያውን ቆጠራ ውጤት ጠይቆ እንዲያትምልን እንለምናለን፤ የአስተዳደሩ ባለሙያዎች ስሌቱን ለመሥራት እገዛ ቢፈልጉ ቅዳሜና እሑድ ያለ ክፍያ አብረናቸው እንሠራለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የፊዚክስና የሰብል ሳይንስ መምህራን
አዳማ